ግርማይ የማይሠራቸው መኪኖች

ግርማይ ያናድዳል። ይህን የምለው ሰውዬውን ጠልቼው አይደለም። ስምንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ተክሎ ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላየ ሰው ነው። ግን ያናድዳል። በግንቦት፣ የቆቦ ፀሐይ የመኪና መሪ አላስጨብጥ በሚልበት ሰዓት፣ «ኤሲዬ አልቀዘቅዝ አለኝ» ብሎ ላቡ እየተንጠፈጠፈ የመጣን ሹፌር አቁሞ ግማሽ ቀን የሚጠይቅ ሰው የት አለ? እኔ ሌላ አላየሁም።

ዘነበች እባላለሁ። ከቆቦ ወደ ሮቢት ስትወጡ በስተግራ፣ ሁለት ትልልቅ የኒም ዛፍ ያሉበት ጋራዥ የኔ ነው። የባለቤቴ ነበር። እሱ ሲሞት ሰዉ ሁሉ «ትሸጠዋለች» ሲል፣ እኔ ቁልፉን ወገቤ ላይ አሰርኩና ቁጭ አልኩበት። መጀመሪያ ጎሚስታና ዘይት መቀየር ብቻ ነበር ሥራችን። ከዚያ የመንገዱም የመስኖውም ሥራ በዛና ኤሲ ያለው መኪና አብሮ በዛ። ኤሲው ሲበላሽ ግን ሹፌሩ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሩቅ ከተማ መሄድ ነበረበት። በሁለት ሺህ አራት ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ የኤሲ ጋዝ ማሽን አስመጣሁ።

ማሽኑ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ጎማ ያለው ቁምሳጥን ነገር ነው። ከጎኑ ቀይና ሰማያዊ ቱቦ ተንጠልጥሎበታል። ሥራውን ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። ቱቦዎቹ መኪናው ላይ ይሰካሉ፤ ማሽኑ መኪናው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ጋዝ ስቦ ያጣራና ራሱ ውስጥ ባለው ሲሊንደር ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የመኪናውን ቧንቧ አየርና እርጥበት መጥጦ ያወጣል፤ በመጨረሻ ጋዙን መዝኖ መልሶ ይሞላዋል። ያ ሲሊንደር ንፁህ የኤሲ ጋዝ፣ ፍሪዮን የሚሉትን ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላ ነገር ከተቀላቀለበት ማሽኑ አለቀለት ማለት ነው፤ ከእሱ የሚሞላው መኪና ሁሉም አብሮ ይበላሻል።

ግርማይ የዚህ ማሽን ባለሙያ ነው። አባቱ ከኮረም ወርደው እዚህ እህል ይነግዱ ነበር፤ እሱ ቆቦ ተወልዶ ቆቦ አደገ። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ሄዶ ሥጋና ዓሣ የሚጭኑ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ላይ ሠርቷል። የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ያየ ሰው ሥራውን ከየት እንደተማረው ይገባዋል። ፈሳሹ ጋዝ ከቱቦ አምልጦ ያገኘው ጊዜ ጓንት አላደረገም ነበር፤ ብርዱ እንደ እሳት አቃጥሎት ጣቶቹ ጫፋቸው ነጭ ሆኖ ቀረ። ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ አይለዩም። ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል እንዲህ የሆነው።

እንዲህ ማለት እንዴት መሰላችሁ። መኪና ሲገባ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። የእጅ ፍሬኑን ራሱ ይስበዋል፤ ሹፌሩ «ስቤዋለሁ» ቢለው አያምነውም። የጋራዡን ሁለቱንም በር ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ አቧራው ገባ ብል አይሰማኝም። ጋዙ ካመለጠ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል፣ ሰው ሳያውቀው ትንፋሽ ያሳጥረዋል ይላል። ለዚህ ሲል ማሽኑን ከመኪና መፈተሻው ጉድጓድ አጠገብ አያቆምም። ከዚያ መነጽሩ፣ ከዚያ ጓንቱ። ቱቦ የሚሰካው ሞተር ጠፍቶ ነው፤ ሲነቅል ፊቱን አዙሮ ነው። ለተቻኮለው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ጽናሕ» ይለዋል በአባቱ ቋንቋ፣ ቆይ ማለቱ ነው። የመናኸሪያ ሹፌር ሁሉ ስሙን ትቶ «ጽናሕ» ነው የሚለው።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ቆሽቴን የሚያሳርረው ሌላ ነው። ቱቦውን ከመሰካቱ በፊት ሹፌሩን ከሰው ነጥሎ ኒሙ ሥር ይወስደዋል። እዚያ ብቻቸውን ቆመው ይንሾካሾካሉ። «ይህን ኤሲ ከዚህ በፊት ማን ነካው? ምን ሞላበት?» ነው ጥያቄው። አንድ ጊዜ ጠይቆ አይበቃውም። ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰውዬው ልጆች አውርቶ፣ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቀዋል። ከዚያ መኪናውን ግቢው መሀል ሜዳ ላይ አስወጥቶ፣ ከቫልቩ ትንሽ አስተንፍሶ በመዳፉ ወደ አፍንጫው ያርገበግባል። ይህን ሁሉ ጨርሶ አንዳንድ ቀን ምን ይላል? «ይሄን አልሠራም»። ለምን? «አይሆንም»። አለቀ፤ ሌላ ቃል የለም። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፣ እኔም ደንበኛዬን ከኋላው አያለሁ።

አንድ ቀን ሰው ፊት «ደንበኛ ነው የምታባርረው፣ ዝንብ አይደለም» ብዬ ጮህኩበት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ዝም ማለት ሲችል ለጉድ ነው። እኔ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ፊት ይብስብኛል።

ሌላም ነገር ነበር በሆዴ። ማሽኑን ያመጣሁት ለበረከት ብዬ ነው። በረከት ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ፤ አብልቼ፣ አልብሼ፣ አስተምሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጎብዬ ላይ ትንሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት አለው። ሚስት አግብቶ ሊድያንና ታናሿን ወልዷል። ልጆቹን ቆቦ ነው የሚያስተምራቸው፤ ጠዋት ጠዋት በነጭ ኮሮላው ይዟቸው በበሬ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል። ሊድያ ዓርብ ዓርብ እኔ ቤት ታድራለች፣ የኔን ስልክ ይዛ ስትጫወት ነው የምታመሸው። የኔ ምኞት አንድ ብቻ ነበር። በረከት ማሽኑን ተምሮ ይህን ግቢ ይረከበኝና እኔ ልረፍ፣ ልጆቹም እዚሁ አጠገቤ ይደጉ።

ግርማይ ሁለት ወር አስተማረው። በረከት እጁ ፈጣን ነው፣ አእምሮውም እንደዚያው። ግን ጓንት «እጄን ያልበኛል»፣ መነጽር «ጭጋግ ይይዝብኛል» ይላል። አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን መንጭቆ ነቀለው። ጋዙ ፊሽ ብሎ ቅንድቡን ጨርፎት አለፈ። ግርማይ አልጮኸም። ማሽኑን አጠፋ፣ ማብሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ አንጠለጠለ፣ እኔ ጋ መጥቶ «ለእሱ አልሰጠውም» አለኝ። «ዓይኑን አጥፍቼ ለአንቺ ምን ብዬ አስረክብሻለሁ?»

በረከት ተቆጥቶ ወደ ጎብዬው ተመለሰ። እኔ ደሜ ፈላ። «እንጀራዬን ይወስድብኛል ብለህ ነው» አልኩት ግርማይን። ይህን የመሰለ ቃል ለዚያ ሰው መናገሬ አሁን ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን አላሳፈረኝም። እንዲያውም ሁለት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ የበረከት ስም በመሀላችን ከተነሳ ፊቴ እንደሚጠቁር ግርማይ ያውቃል።

እንዲህ እንዲህ እያልን በሁለት ሺህ ስድስት ግንቦት ደረስን። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አርፈው ቀብር ሆነ። ግርማይ የእድሩ መቃብር ቆፋሪ ነው። አካፋ ይዞ ሲወጣ የማሽኑ ቁልፍ ከኪሱ እንዳይወድቅበት ለእኔ ሰጠኝ። «እስክመለስ አትንኪው፣ እትዬ» አለኝ። «ምን አጠፋሁ ብለህ ነው እንደ ሕፃን የምትመክረኝ?» አልኩት። ሄደ።

ወደ አምስት ሰዓት ሙሀመድሰይድ መጣ። ሙሀመድሰይድ የመንገድ ሥራ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ቤቴ ገብቶ የሚበላ፣ በዓረፋ ሥጋ የሚልክልኝ፣ የቤት ልጅ ማለት ነው። ኤሲው ነፋስ ብቻ እንጂ ቅዝቃዜ አልሰጥ ብሎታል፣ ሠራተኞቹ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠብቁታል።

«ግርማይ የለም?» አለኝ።

«ቀብር ሄዷል።»

«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ፣ እትዬ።» መኪናውን ሊያዞር ማርሽ አስገባ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ልተወው ስችል አልተውኩትም። ስንቱን ሰው ግርማይ ሸኘብኝ፣ ይሄ ደግሞ በእግሩ መጥቶ ሊሄድብኝ ነው አልኩ በልቤ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሥር ሲሠራ አይቻለሁ፤ ምን ይቀረኛል? «ግባ» አልኩት። «እኔ እሠራዋለሁ።»

ሙሀመድሰይድ እጁን ከመሪው አላነሳም። «እሱ ቢመለስ አይሻልም?» አለ። «ግባ አልኩህ እኮ» አልኩት። ገባ።

አንድም አላጎደልኩም፤ ይህን ስሙኝ። ታኮውን ራሴ አስገባሁ። የእጅ ፍሬኑን ራሴ ሳብኩ። በሮቹን ከፈትኩ፣ ማሽኑን ከጉድጓዱ አራቅሁ፣ የግርማይን መነጽር አደረግሁ፣ ጓንቱን አጠለቅሁ። ሞተሩን አስጠፋሁ። ጥያቄውንም ጠየቅሁ። ጎሚስታው ቆሞ እያየ፣ አጠገባችን ምግብ ቤት ያላት ሲቲ ሻይ ይዛ መጥታ ቆማ፣ እዚያው መሀላቸው «ይህን ኤሲ ከዚህ በፊት የነካው ሰው አለ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

ሙሀመድሰይድ እኔን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «ኧረ ማንም አልነካውም፣ እትዬ» አለ።

ወላሂ አላለም። ውሃ ስጡኝ ለማለት እንኳ ወላሂ የሚል ሰው፣ ያን ቀን አላለም። አላስተዋልኩም። ሰው ሲቸኩል ጆሮውም አብሮ ይቸኩላል መሰለኝ።

ሰማያዊውን ሰካሁ፣ ቀዩን ሰካሁ፣ ቁልፉን ፈትቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ መርፌው ተነሳ። እኔም ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ግርማይ ሲመጣ ሥራው አልቆ ሲያገኘው የሚሆነውን ፊት እያሰብኩ ነበር። ሰባት ስምንት ደቂቃ ቆይቶ ሽታ ሸተተኝ። የምድጃ ጋዝ ሽታ፣ ያ የተበላሸ ሽንኩርት የሚመስለው።

«ሲቲ፣ ምድጃሽን ከፍተሽ ትተሽ ነው የመጣሽው?» አልኳት። ሲቲ ሻዩን አስቀምጣ እየሮጠች ሄደች። ከማዶ ሆና «የኔ ዝግ ነው» አለች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ብየዳ ቤት ነው፤ ሰውዬው የአጥር በር እየበየደ ነበር፣ ብልጭታው ከቆርቆሮው በላይ ይታየኛል። የሽታውና የብልጭታው ነገር በጭንቅላቴ አልተገናኘም። ማሽኑ የሆነ ነገር ሆኖ እንደሁ ላጥፋው ብዬ እጄን ወደ ማብሪያው ዘረጋሁ።

«ማብሪያውን አትንኪ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ግርማይ በር ላይ ቆሟል። የመቃብር አፈር እስከ ጉልበቱ ድረስ ለብሷል። አልሮጠም፣ ድምፁንም አላነሳም። «ሁላችሁም በእግራችሁ ውጡ። ስልክ አትንኩ» አለ። ከዚያ ወደ ውጭ ዞሮ፣ በአስፋልቱ በኩል ግድግዳው ላይ ያለውን የግቢውን ዋና መብራት ቆረጠ፤ ማሽኑ ዝም አለ። ማብሪያና ማጥፊያ ሲነካ ብልጭ የምትለዋ ነገር ጋዝ ባለበት ቦታ እንደምታቃጥል ኋላ ነው የገባኝ። በዚያው እግሩ ብየዳ ቤት ገብቶ ሰውዬውን አስቆመው። ነፋሱ ሽታውን እስኪወስደው አስፋልት ዳር ቆመን ጠበቅን፤ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዴት እበሳጭ ነበር፤ ያን ቀን እሱ ይበቃል እስኪል ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

በኋላ ቱቦዎቹን ነቀለ፣ ሚኒባሷንም ማሽኑንም በእጅ ገፍተን ከጋራዡ በታች ወዳለው የወንዝ ዳር ሜዳ አወጣናቸው። ግርማይ ሙሀመድሰይድን ይዞ ሊገለል ሲል እጁን ያዝኩት። «አሁንስ እኔ ፊት ይናገር» አልኩ። «የማብሰያ ጋዝ ነው የሞሉብህ። ማነው የሞላልህ?»

ሙሀመድሰይድም ግርማይም እኔን ትተው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሁለት ወንድ እኔን ፈርቶ መሬት የሚያይበት ምን ምክንያት አለው?

«ወንድምሽ ነው፣ እትዬ» አለ ሙሀመድሰይድ። «ጥር ላይ ጎብዬ ቆሜ፣ በረከት ነው የሞላልኝ፤ ከምድጃ ሲሊንደር። ወላሂ፣ ያን ሁሉ ሰው መሀል ወንድምሽን በምን አፌ አሳልፌ ልስጠው? ግርማይ ብቻዬን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

እንግዲህ ኒሙ ሥር የሚንሾካሾኩት ይሄንን ነበር። ለካ ሰው የሚያውቀውን ሰው በሰው ፊት አያጋልጥም። ይህን ግርማይ ያውቃል፤ እኔ ሃምሳ ዓመት እዚሁ አገር ኖሬ፣ ራሴም እንዲሁ እያደረግሁ፣ ማሽን ፊት ስቆም ረሳሁት።

ወደ ግርማይ ዞርኩ። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ጥቅምት። አልሠራም ብዬ የመለስኳቸው አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም የበረከት ናቸው።»

አሥራ አንድ። በአሥራ አንዱም ጮኼበታለሁ። በእያንዳንዱ ቀን ምን እንዳልኩት አስታውሳለሁ፣ ቃሉን ሳይቀር። እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ፤ አዝኜ ይቅርታ ጠየቅሁት? አልጠየቅሁም። የባሰ ተናደድኩ። «ለምን አትነግረኝም?» ብዬ በሜዳው ጮህኩበት። «ማሽኑ ሞተ። እኛም ልንቃጠል ነበር። ለምን አትነግረኝም?»

«ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬያለሁ» አለ። «'በረከት' ስል ገና ስሙን ሳልጨርስ 'እንጀራዬን ይወስድብኛል ብለህ ነው' አልሽኝ። ከዚያ ተውኩት። ወንድምና እህት መሀል መግባት ከበደኝ። ጥፋት ነው። መናገር ነበረብኝ።»

እሱ ጥፋቴ ነው ሲል ጩኸቴን ተውኩ። ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ።

ማሽኑ የዚያን ቀን ቆመ። ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለቱ ጋዝ ተቀላቅሏል፤ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ እስኪያጸዳው ግርማይ ጠመኔ አንስቶ «አይነካም» ብሎ ጻፈበትና ሸራ አለበሰው። እስከ ዛሬ እንደዚያው ቆሟል። የሙሀመድሰይድን ሚኒባስ ጋዝ ሜዳ ላይ ነፋስ ባለበት፣ እሳት ከአካባቢው አርቆ፣ ቀስ አድርጎ አስተነፈሰው።

በማግስቱ ጎብዬ ሄድኩ። በረከት የአንድ መኪና ኮፈን ከፍቶ እየሠራ ነበር። ሳመኝ፣ ወንበር አወጣልኝ። የሆነውን ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ።

«እታለም፣ ያቀዘቅዛል እኮ» አለኝ። «ከፍሪዮኑ ይበልጣል። ሰው ሙቀት ገደለኝ ሲለኝ ምን ልበለው? ማሽኑን እንደሆን ለዚያ ሰውዬ ሰጥተሽ እኔን አባረርሽኝ።»

«ያቃጥላል፣ በረከት። ቧንቧው ከተበሳ ጋዙ ሰው የተቀመጠበት ነው የሚገባው። መስኮት ተዘግቶ አንድ ሰው ሲጋራ ቢለኩስ፣ አንድ ሽቦ ብልጭ ቢል…»

«እኔ ራሴ ኮሮላዬ ላይ የሞላሁት እሱን ነው» አለኝ አቋርጦ። «ልጆቼን ጠዋት ማታ እጭንባታለሁ። አደጋ ቢኖረው ልጆቼን እጭናለሁ?»

ለመንኩት፤ በእናታችን አጥንት ለመንኩት። ግርማይ በነጻ ያወጣልሃል አልኩት። የግርማይን ስም ስጠራ ፊቱ ተለወጠ፣ መፍቻውን አንስቶ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። «ሰላም በይልኝ» አለኝ ጀርባውን ሰጥቶ።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌ ነው። ሁለት ሰው ላኩበት፤ በጨዋ ደንብ ተቀብሎ፣ ቡና አጠጥቶ፣ «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብሎ ሸኛቸው። በሳምንቱም ደግሜ ላኩበት፤ ያው ነበር። ግርማይን ሌላ ምን ይደረጋል አልኩት። «የሞላላቸው መኪናዎች መንገድ ላይ ናቸው» አለኝ። «እኔ አልሠራም ብቻ አልኳቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ስሙን እንዳላነሳ ብዬ።» ሌላ የሞላላቸው ስንት እንዳሉ ደግሞ ከበረከት በቀር የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ እኔ ልሂድ አልኩ። ጠዋት መናኸሪያ፣ ሹፌሮቹ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ያሳደግኩትን ልጅ ስም ላጠፋ መሄዴ እኮ ነው። «ስሙኝ» አልኩ። «ጎብዬ ላይ በረከት ጋ ኤሲ ያስሞላችሁ ካላችሁ፣ የሞላላችሁ የምድጃ ጋዝ ነው። ወንድሜ ነው፤ አውቃለሁ። እኔም ሳላጣራ ማሽኔ ውስጥ አስገብቼው ግቢዬን ላቃጥለው ነበር። መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ወንዙ ዳር ኑ፣ ግርማይ ያወጣላችኋል። እስከዚያ ኤሲውን አታብሩ።»

ከመሀላቸው አንድም የሳቀ የለም። የማደርገው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል።

መጡ። በዚያው ሳምንት ስድስት መጡ፤ በሌላው ሳምንት አምስት፤ ከወልድያ በኩል እንኳ ሰምተው የመጡ ነበሩ። ግርማይ መነጽሩን አድርጎ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳያቻኩል፣ ማንንም ሳይወቅስ አወጣላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሳት የሚያበራ ሰው እንዳይጠጋ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን «ለዚያ ቃል ይቅር በለኝ» አልኩት፣ ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ። «የትኛው ቃል?» አለኝ። የተናገርኩት ክፉ ቃል ብዛቱ እንዲህ ነው።

በረከት ሰማ። ስልኬን አያነሳም። ሊድያ ዓርብ መምጣቷን ተወች። ጎብዬ ላይ ሰው «እህቱ አዋረደችው» እያለ ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ አዋርጄዋለሁ። መኪናውን ያመጣል ብዬ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ይህ ሁሉ ሰው መኪናውን ሲያመጣ የእሱ ትቀራለች ብሎ ማን ይገምታል?

ትናንት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ነጯ ኮሮላ ከሮቢት በኩል ስትመጣ እጄን ዘረጋሁ፤ ሁለቱንም እጄን። ፍጥነቱን ቀነሰ። ሊቆም ነው አልኩ። ክላክስ አላደረገም፣ አልቆመምም፤ መኪናዋን ከእኔ ዞር አድርጎ አለፈኝ። ሊድያ ከኋላ ወንበር ሆና አየችኝና እጇን አወዛወዘችልኝ።

ፀሐዩ ገና በሁለት ሰዓት እንዲያ ያቃጥላል። የመኪናዋ መስኮቶች በሙሉ ተዘግተው ነበር።